ክንዱን ያሸሁለት ሰው

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ ለአጭር ሥልጠና ጃፓን ሄዶ ተመለሰ። ስለ ሥልጠናው አንድም ነገር አልነገረኝም። የነገረኝ ስለ አንድ ሆቴል ነው። ተራራ ላይ ያለ፣ ዙሪያው በበረዶ የተሸፈነ፣ ግቢው ውስጥ ከመሬት የሚፈልቅ ትኩስ ውሃ ያለው ሆቴል። እንግዳው ሲገባ ጫማና ልብሱን ያስረክባል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ካባ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ራቁቱን ውሃው ውስጥ ይዘፈዘፋል።

«ባለሥልጣኑን ከዘበኛው መለየት አትችልም» አለኝ ዓይኑ እየበራ። «እንዲህ ያለ ነገር ሌላ አገር የለም።»

እኔ ደግሞ «የለም» ሲሉኝ አልወድም።

«አለ፤ አርፌበታለሁ» አልኩት።

«በክረምት?»

እዚህ ላይ መግባባት አልቻልንም። የእነሱ ክረምት በረዶ ነው፤ የእኛ ክረምት ጭቃ። እኔ ያረፍኩት በታኅሣሥ ነበር፤ ደባርቅ ላይ ጠዋት ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጥቶ ሲረግጡት እንደ ብርጭቆ በሚሰበርበት ወር። የኔን ሆቴል ታሪክ ለወዳጄ ነገርኩት። ስጨርስ እሱ ስለ ጃፓን ማውራቱን ተወ። እናንተም ስሙት።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ያኔ ደባርቅ የታሪክ መምህር ነበርኩ፤ የዳባት ልጅ፣ ሠላሳ ያልሞላኝ፣ ያነበብኩትን ሁሉ የማምን። ረጅም ካፖርት፣ ባርኔጣና ወፍራም መነጽር ስለነበረኝ ገበያተኛው በስሜ አይጠራኝም፤ «ባለ መነጽሩ መምህር» ነው የሚለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ በውይይት ክበብ ስለ ፊውዳል ርዝራዦች አስረዳ ነበር። ከርዝራዦቹ አንዱ ደም መመለስ ነው። በዚህ ርዕስ ጎበዝ ነበርኩ፤ ከየት እንደመጣ፣ በምን እንደሚኖር፣ መቼ እንደሚከስም ሳይቀር እተነትናለሁ።

አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ለክበቡ አልተናገርኩም። በአንዱ ደም የምፈለገው እኔው ነበርኩ።

የአጎቴ ልጅ ከጥቂት ዓመታት በፊት በእርሻ ድንበር ተጣልቶ ሰው ገደለና ወደ ቆላ ጠፋ። መሬቱ የመንግሥት ሆኗል ከተባለ በኋላ ስለ ድንበር መጋደል ምን ይሉታል አትበሉኝ፤ ሰው አዋጅ ሰምቶ ጠቡን አይተውም። በእኛ አገር ገዳዩ ከጠፋ የሟች ወገን ያገኘውን ዘመድ አይገድልም። ሲሞት ቤቱን የሚያጎድለውን፣ ወገኑ የሚኮራበትን መርጦ ይጠብቃል።

«ማንን ይመርጣሉ ብለህ ነው? አንተን ነዋ!» አለችኝ እናቴ። እንባና ኩራት ባንድ ድምፅ ሲወጡ የሰማሁት ያን ቀን ነው። «የተማረ እያለ እነዚያን ደነዞች ምን ሊያደርጉላቸው!»

ደነዞቹ ታላላቅ ወንድሞቼ ናቸው።

በሳቅ አለፍኩት። ደሙን የመመለሱ ነገር የወደቀው በሟቹ ታናሽ ወንድም ላይ መሆኑን፣ ስሙም ባዬ እንደሆነ ሰማሁ፤ መልኩን አላውቅም። ያንንም በሳቅ አለፍኩት። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ መንገዱን ግራና ቀኝ ሳልቃኝ ከደጄ ወጥቼ አላውቅም።

ወገቤን የሰበረኝ ታዲያ ጥይት አልነበረም፤ የጫማ ክር ነው። አንድ ጠዋት ላሥር ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። ክፍል የምገባው እንደ ማጭድ ታጥፌ ሆነ። ክሊኒክ ሄድኩ፣ ኪኒን ሰጡኝ፣ ኪኒኑ አለቀ። ያከመኝ ድሬሰር በሩን ዘጋ አድርጎ፣ «መምህር፣ ከኔ ሰማሁ እንዳትል እንጂ፣ ከሊማሊሞ ሥር ያለው ፍል ውሃ ነው የሚያነሣህ» አለኝ። ፍል ውሃው ጠበልም ስለሆነ ነው የተሾካሾከው። የክበብ አስረጂ ወደ ጠበል ሲሄድ መታየቱ ደግ አይደለም። የማልቀና መሆኔን ሳየው ግን የይለፍ ወረቀቴን አስፈርሜ በእህል ጫኝ መኪና ተሳፈርኩ።

ሊማሊሞን በወገብ በሽታ መውረድ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። መኪናው በየጠመዝማዛው ሲያዘነብል ሾፌሩ ያማትባል፤ እኔ ማማተብ ስለተውኩ ጆንያ ጨብጬ እጮሃለሁ። ገደሉ ሲያልቅ ውርጩም አለቀ፤ ካፖርቴ ውስጥ ላብ ጀመረኝ። ከመንገዱ ወርጄ ጥቂት በኪራይ በቅሎ እንደሄድኩ ከድንጋዩ መሐል እንፋሎት ሲነሣ ታየኝ።

ሆቴሉ ይኼ ነው። ቀድሞ አንድ ባላባት ለራሱ ያሠራው የድንጋይ ገንዳ፣ ከጎኑ ድርቆሽ የተነጠፈበት የቆርቆሮ ቤት። «የሰፊው ሕዝብ ፍል ውሃ» ተብሎ በቀይ ቀለም የተጻፈበት ሰሌዳ አለው። እንፋሎቱ ቀለሙን ልጦት የቀረው «ሰፊው» የሚለው ብቻ ነው፤ ቤቱ ግን ሰው ከሰው ተጠጋግቶ የሚያድርበት ጠባብ ነበር።

ጠበሉን የሚጠብቁት አባ ጽጌ የሚባሉ ሽማግሌ መነኩሴ ናቸው። ከጎጆዋቸው በር ላይ የይለፍ ወረቀቴን አይተው ተቀበሉኝ።

«የክርስትና ስምህ ማን ነው?»

«መምህር—»

«እሱን ደባርቅ ይጥሩህ። ካህን ያወጣልህን ነው የምጠይቅህ።»

ለማስታወስ ጊዜ ፈጀብኝ። «ወልደ ሰንበት።»

«ሕመምህ?»

«ወገቤን ነው፣ አባ።»

«በቃ። እዚህ ስምና ሕመም ይበቃል። አገርህንና ወገንህን ለማንም አትናገር፤ ማንንም አትጠይቅ። ስትሰናበት ልብስህን ለብሰህ፣ አብሮህ ለታጠበው ሰው ማንነትህን ትነግረዋለህ። ከዚያ በፊት ግን አይሆንም።»

«ለምንድን ነው?»

መልሳቸው ወደ ጎጆው ውስጥ ማሳየት ነበር። ግድግዳው ላይ ጠመንጃ በጠመንጃ ላይ ተሰቅሏል። «የነዚህ ባለቤቶች ውሃው ውስጥ ናቸው» አሉኝ። «ማን ከማን ጋር ምን እንዳለው እኔ ካልሆንኩ ማንም አያውቅም።»

ካፖርቴንና ባርኔጣዬን ተቀበሉኝ። እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ።

«መነጽሩንም።»

«ያለሱ አላይም፣ አባ።»

«በእንፋሎቱም አታይበትም። አምጣው።»

አዲስ ማንገቻ ካለው አንድ ጠመንጃ አጠገብ፣ በዚያው ኩላብ ላይ ሰቀሉት። ከዚያ ግልድሜን አሸርጬ ዓለሙ ሁሉ ጉም ሆኖብኝ ወደ ገንዳው እየዳበስኩ ወረድኩ።

የቦታው ልማድ አንድ ሌላም ነገር አለው። ማንም ለብቻው አይታጠብም። አባ ሁለት ሁለት ሰው ያጣምራሉ፤ ጥንዶቹ ጠዋት ጠዋት ተራ በተራ ይተሻሻሉ።

«ገብረ ኪዳን! ጓደኛ መጣልህ» ብለው ተጣሩ።

ገብረ ኪዳን ለኔ ድምፅና ትከሻ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ሌላ ዓይኔ አይለይም። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ የእረፍት ቀን ድምፅ። ቀኝ ክንዱ ከደረቱ በላይ አልነሣ ብሎት ነው የመጣው። ማሸት እንደጀመርኩ ሳቀ።

«አንተ ወልደ ሰንበት፣ ይህ እጅ ምን ሠርቶ ያውቃል? እንዲህ ያለ ለስላሳ እጅ ወይ የቄስ ነው ወይ የሌባ።»

«ሌባ በለኝ።»

«ተመስገን! ቄስ ብትሆን ንስሐ ግባ ስትለኝ ልትከርም ነበር።»

በእሱ ተራ ግራ እጁን ወገቤ ላይ አሳርፎ ተጫነኝ። ጮህኩ። «ዝም በል፣ ሌባ አይጮህም» አለኝ። በማግስቱ ጫማ ማሠር ባልችልም ከጫማዬ በላይ ቀና ማለት ቻልኩ።

እንዲህ እያልን ሰነበትን። ጠዋት በውሃው፣ ቀትር ላይ ሴቶቹ ተራቸውን ሲይዙ እኛ በዋርካ ጥላ በሶ እየበጠበጥን። ስለ በቅሎ ገበያ ያወራልኛል፤ እኔ ስለ ጥንት ነገሥታት አወራለታለሁ። «ይኼ ሌባ የሰረቀው መጽሐፍ ነው መሰለኝ» ይል ነበር። በዕድሜዬ ለብዙ ሰው አስተምሬያለሁ፤ ያወራሁትን ሳይጽፍ፣ ሳይፈራኝም፣ ለማወቅ ብሎ ብቻ የሰማኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ክንዱም በየጠዋቱ ከፍ ይል ነበር፤ ከደረት ወደ አገጭ፣ ከአገጭ ወደ ጆሮ።

ጆሮው ጋ የደረሰ ዕለት ውሃውን በጥፊ እየመታሁ ጨፈርኩ። እሱ ክንዱን መልሶ ውሃው ውስጥ ነከረው።

«ምነው፣ ደስ አይልህም?»

«ወልደ ሰንበት፣ ይህ ክንድ ለምን እንደሚፈለግ ብታውቅ እንዲህ አትጨፍርም።»

«ለምን ነው የሚፈለገው?»

አይጠየቅም ነበር። ጠየቅሁ።

«ወንድሜን ገድለውብኛል» አለ። «እናቴ እስከዛሬ ተዝካሩን አላወጣችም። ገበታ ሲቀርብ የሱን ድርሻ ለብቻው ታስቀምጣለች። እኔ እጄን ስሰድ፣ ‹ቆይ፣ ወንድምህ ይብላ› ትለኛለች። ወንድሜ እስኪጠግብ ጠብቄ ነው የምበላው። ሁልጊዜ።»

እጄ ትከሻው ላይ ነው። ማሸቴን አላቋረጥኩም።

«ገዳዩስ?»

«ጠፍቷል። ግን አንድ ሰው አላቸው። የዳባት ልጅ ነው፣ ደባርቅ ያስተምራል። ባርኔጣ ያጠልቃል፣ መነጽር አለው። አንድ ቀን ገበያ ዳር ሆኜ በሩቅ አሳዩኝ። ጠመንጃዬን ላነሣ ስል ክንዴ እዚህ ላይ ቀረ።» ደረቱን ነካ። «ከዚያ ወዲህ ነው እንዲህ የሆንኩት።»

ውሃው ያው የሚፋጅ ውሃ ነው፤ እኔ ግን የደባርቅ ውርጭ ከእግሬ ጀምሮ ወጣብኝ። የማሸው ሰው ባዬ ነበር። እነዚያን ጠዋቶች ሁሉ በለስላሳ እጄ ስጠግን የነበረው የገዛ ሞቴን ነው። መሸሽ አማረኝ፤ ነገር ግን ግልድም ያሸረጠ፣ ከክንዱ አልፎ የማያይ ሰው ወዴት ይሸሻል?

«ይህ መምህር» አልኩ ድምፄን እንደምንም ይዤ፣ «እሱ ምን አደረገህ?»

«ምንም። ጥሩ ሰው ነው ይላሉ። የእህቴን ልጅ ያስተምራል።» ጥቂት አሰበ። «ወሬ ያበዛል ይላሉ እንጂ።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጽፌያለሁ፤ ብዙም ተተችቻለሁ። ከዚህ የቀረበ ትችት አልገጠመኝም።

«መግደሉን ትፈልገዋለህ?»

«መፈለግ የናቴ ድርሻ ነው» አለ ባዬ። «የኔ ድርሻ ክንዱ ነው።»

ከውሃው ወጥቼ በቀጥታ ወደ አባ ጎጆ ሄድኩ። ወገቤ መቅናቱን ያስተዋልኩት እዚያ ስደርስ ነው፤ ስሮጥ ነበር።

«አባ፣ ልብሴን ይስጡኝ። ዛሬውኑ እሄዳለሁ።»

እሳቸው አልቸኮሉም። «ነገረህ?»

«ያውቁ ነበር?»

«መነጽርህን ስሰቅል አወቅሁ፤ የሚፈልገው የደባርቅ ባለ መነጽር መምህር መሆኑን ነግሮኝ ነበር። አጠገቡ ያለው ጠመንጃ የማን እንደሆነ የማላውቅ ይመስልሃል?»

«እያወቁ አጣመሩን!»

«አጣመርኳችሁ።»

«ቢነቃብኝስ ኖሮ?»

«ክንዱ አይነሣም ነበራ» አሉኝ ረጋ ብለው። «አሁን ግን ይነሣል። ስለዚህ የምታደርገውን ቶሎ አድርግ፣ ልጄ። እሱም ነገ ተሰናባች ነው።»

ያን ቀን ከሰዓት በዋርካው ሥር ብቻዬን ተቀምጬ አሰብኩ። ብሄድ፣ የዳነ ክንድና ጠመንጃ ይዞ ደባርቅ ገበያ ላይ ያገኘኛል። ዝውውር ጠይቄ ብጠፋ፣ ድርሻው ወደ ደነዞቹ ይዞራል፤ ወንድሞቼ ናቸውና። ለፖሊስ ብናገር አንድ ሰው ይታሰራል፣ የናቱ ገበታ ግን ባለበት ይቀራል። ልብሴን ለብሼ በስንብቱ ሥርዓት ብነግረው፣ ያን ጊዜ ጠመንጃው እጁ ላይ ነው። ስለዚህ ውሃው ውስጥ እንድነግረው ወሰንኩ። ጀግንነት አታድርጉት። ጠመንጃ የሌለበት ቦታ እዚያ ብቻ ስለሆነ ነው።

በማግስቱ ማለዳ አባን መነጽሬን ጠየቅኋቸው። አንሥተው ሰጡኝ፣ በመስቀላቸው ባረኩኝ፣ ተከትለውኝም ወረዱ። ባዬ ቀድሞኝ ገንዳው ውስጥ ገብቷል። ከውሃው ዳር ቆሜ መነጽሬን አደረግሁ። ለአንድ አፍታ ፊቱን አየሁት፤ ከአሰብኩት ይልቅ ልጅ ነበር፣ ጉንጩ ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ አለ። ከዚያ እንፋሎቱ መስተዋቱን ሸፈነውና ሁሉም ነጣ።

«ወልደ ሰንበት ነህ?» አለ። ድምፁ ተለውጧል።

«ነኝ። ደባርቅ ግን እንዲህ አይደለም የሚሉኝ።»

ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ አገሬን ነገርኩት። የአጎቴን ልጅ ስምም ጠራሁ። ከዚያ ወደ ውሃው ገባሁ፤ መነጽሬን እንዳደረግሁ፣ ምንም ሳይታየኝ።

ከባዱ ይህ ነበር። ሊገድለኝ የሚገባው ሰው ምን እያሰበ እንደሆነ ፊቱን እንኳ ማንበብ አልቻልኩም። የውሃው መፍለቅለቅ ይሰማል። ሌሎቹ ታጣቢዎች ወሬያቸውን አቁመዋል። ከዚያ ውሃው ደረቴን ገፋኝ፤ እየቀረበ ነው። ትንፋሹን ሰማሁት።

«ጀርባህን አዙር» አለኝ።

አዞርኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ቀኝ እጁ ከአንገቴ በታች አረፈና ያሸኝ ጀመር። ማሸት አልነበረም፤ ፍተጋ ነው። ቆዳዬ የሚገሸለጥ መሰለኝ፤ ትንፍሽ አላልኩም። ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። እጁ ቀስ በቀስ ለዘበ፣ ከዚያ ቆመ። ግንባሩን ጀርባዬ ላይ ሲያስደግፍ ተሰማኝ።

«ሌባ ነኝ ብለህ ዋሸኸኝ» አለ።

«ምርጫ የሰጠኸኝ ሁለት ብቻ ነው።»

አልሳቀም። «ለናቴ ምን ልበላት?»

«እኔ ልንገራት።»

«ትገድልሃለች።»

«የሷ ክንድ ይነሣል?»

ያን ጊዜ ሳቀ። ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠ፤ አባም «እንግዲህ ውጡ፣ ውሃው ሌላም ሰው ይጠብቃል» አሉን፣ ምንም እንዳላየ ሰው።

የናቱ የእማዋይሽ ቤት ከሊማሊሞ አናት አልፎ፣ ከደባርቅ ወዲህ ካለ ጉብታ ላይ ነው። አባ ጽጌንና ሁለት የአገር ሽማግሌዎችን ይዘን ሄድን። በልማዱ ይቅርታ የሚጠይቅ ወገን ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ ደጅ ይቆማል። ድንጋዩን የሚያወርድለት የተበደለው ወገን ነው፤ ካላወረደለት እርቅ የለም። ድንጋዩን የመረጠልኝ ባዬ ነበር፤ ለወገቤ አዝኖ ትንሽ መረጠልኝ። አባ አዩትና «ይህማ ጠጠር ነው፣ ታፌዝባታለህ?» ብለው ተለቅ ያለውን አሸከሙኝ።

እማዋይሽ በራፍ ላይ ቆመው አዩኝ። ጎንብሼ ስለነበር የማየው እግራቸውን ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ተናገሩ። ወገቤ እንደገና መቆንጠጥ ጀመረ።

«ባለ መነጽሩ ይኼ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«እሱ ነው፣ እናቴ።»

«ይኼ ወገቡን የታመመ?»

«አዎ። ክንዴን ያዳነልኝም እሱ ነው። ማን እንደሆንኩ ሳያውቅ።»

«ካወቀ በኋላስ?»

«ካወቀ በኋላ መጥቶ ነገረኝ።»

እግራቸው አልተንቀሳቀሰም። «አንሣውና ልየው» አሉት።

«ምኑን?»

«ክንድህን ነዋ!»

ባዬ ክንዱን ሲያነሣ አላየሁትም፤ ጥላው ብቻ ከፊቴ መሬቱ ላይ ሽቅብ ረዘመ፣ ከራሱም በላይ አለፈ። ያ ክንድ ሊሠራ የሚችለውን ሁላችንም እናውቃለን።

«ድኗል» አሉ እማዋይሽ። «እንግዲያው ድንጋዩን አውርድለት።»

አወረደልኝ።

ያን ዕለት እዚያው ምሳ በላን። ገበታው ላይ የሟቹ ድርሻ ለብቻው ተቀምጦ ነበር። እማዋይሽ ብዙ አዩት፤ ከዚያ አንሥተው ባዬ ፊት አኖሩት። «ብላ» አሉት፤ «ወንድምህ ጠግቧል።» በወሩ ተዝካሩ ወጣ። የቀረውን የእርቅ ጉዳይ የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ወራት ፈጅተው ጨረሱት።

አሁን እናንተ፣ «ታዲያ ጠበሉ አዳነህ ወይስ ፍል ውሃው?» ትሉኝ ይሆናል። አላውቅም፤ የሚያውቁም ሰዎች አሰልቺ ናቸው። የማውቀው ሌላ ነው። ተመልሼ በመጣሁ ቅዳሜ በውይይት ክበቡ ስለ ርዝራዦች እንድቀጥል ተጠየቅሁ። ቆምኩ፣ ጠመኔ ያዝኩ፣ የምለው ጠፋኝ። ልማድ ሊገድለኝ ነበር። ስሜን የሸሸገልኝ፣ ከጠላቴ ጋር ያጣመረኝ፣ ድንጋይ ያሸከመኝና ያወረደልኝም ልማድ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ልማድ አንድ ንጹሕ ድርሰት ለመጻፍ አልቻልኩም፤ ለማውገዝ ስቀመጥ ጀርባዬ ላይ ያረፈ ግንባር ይሰማኛል፣ ለማወደስ ስቀመጥ ደግሞ ወንድሙ እስኪበላ የሚጠብቅ ልጅ ይታየኛል። መምህር ሆኜ ጀምሬ ጸሐፊ የሆንኩት እዚህ ይመስለኛል፤ የምለው ሲጠፋኝ። እናንተም እንዲህ ከሆነባችሁ አትደንግጡ። የሚሻል እንጂ የሚብስ ሕመም አይደለም።

ለወዳጄ ይህን ስጨርስለት፣ «ጃፓኖቹ እርስ በርስ ይተሻሻሉ?» ብዬ ጠየቅሁት። አሰበና፣ «አላየሁም» አለ። እንግዲያው አይመሳሰልም፤ ሆቴሉ ግን ጥሩ ይመስላል።

ባዬ አለ። ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ፤ ግራ ክንዱ አልነሣ ብሎታል።

«ደግሞ ማንን አስበህ ነው?» አልኩት።

ከዳባት እስከ ሊማሊሞ የሚሰማ ሳቅ ሳቀ። ታኅሣሥ ላይ አብረን እንወርዳለን።